ሦስት ሳምንት የማይለቅ ደም

በፈላና በር በኩል ሳልፍ እስከ ዛሬ «ሙሽሪት! ዛሬስ ማንን ገደልሽ?» ብለው የሚጮሁብኝ ባጃጅ ነጂዎች አሉ። አብሮኝ ያለው ሰው ለከተማው አዲስ ከሆነ ይደነግጣል። እኔ ግን እጄን አንስቼ አውለበልብላቸዋለሁ። ሙሽራ ሆኜ አላውቅም፤ ሰውም ገድዬ አላውቅም። ሁለቱንም የተባልኩት በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። እንዴት እንደሆነ ላጫውታችሁ።

ያኔ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ምሥራቅ እባላለሁ። መዋዕለ ሕፃናት አስተምራለሁ፤ ከእናቴ ጋር ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ በፈላና በር አጠገብ እንኖራለን። የእናቴ ቅድመ አያት ከሸዋ ጦር ጋር መጥተው እዚሁ ሐረር የቀሩ ሰው ናቸው፤ ጎራዴያቸው ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እናቴ በየሳምንቱ አቧራውን ትጠርግለታለች።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በከተማችን የቴአትር ክበብ ውስጥ ሦስት ዐረፍተ ነገር ብቻ ያላት የጎረቤት ሴት ሆኜ መድረክ ላይ ወጥቼ ነበር። የመጀመሪያውን ተናገርኩ። ሁለተኛው ጠፋኝ። ሰዉን አየሁት፤ ሰዉም አየኝ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው በጓሮ በር ወጥቼ ከነመድረክ ልብሴ፣ ከነተሸከምኩት እንስራ፣ ቤቴ ድረስ መሮጤን ነው። እንስራው የክበቡ ነበር። በነጋታው ከተማው ሁሉ ሲስቅብኝ እናቴ አልቻለችም። «ሁለተኛ መድረክ የረገጥሽ እንደሆነ እናት የለኝም በይ!» አለችኝ። እኔም ማልኩላት።

መሐላዬን ሁለት ዓመት ጠበቅኩ። ከዚያ መምህር ገዛኸኝ መጡ። ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው፤ ክበቡን የሚመሩት እሳቸው ነበሩ። አንድ የቆየ የባሕር ማዶ አሳዛኝ ቴአትር ወደ አማርኛ መልሰው፣ ከተዋናዮቹ ሁሉ የከበደውን ቦታ ለእኔ ለሯጯ ሰጡኝ። «የሸሸ ሰው መድረኩን ከሁሉ ይበልጥ ያውቀዋል» አሉኝ። እሺ ያልኩት ለራሴ አንድ ነገር ቆርጬ ነው። በዚህኛው እስከ መጨረሻው ቆሜ ከተገኘሁ ቆምኩ፤ ከሸሸሁ ግን ዕድሜ ልኬን ሯጭ ሆኜ ልቅር። ለእናቴ ትንፍሽ አላልኩም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ መስፍን ሚስቱ ትገፋፋውና ቤታቸው በእንግድነት ያደረውን ንጉሥ በተኛበት ይገድለዋል። ይነግሣሉ፤ ግን ደሙ አይተዋቸውም። ሚስቲቱ እኔ ነኝ። መምህር ገዛኸኝ በልምምዱ ሁሉ ደም ይቆጥራሉ። መጀመሪያ ከጦርነት የመጣው ቁስለኛ ላይ ደም፤ ቀጥሎ ጩቤው ላይ ደም፤ ከዚያ የሙት መንፈሱ ፀጉር ላይ ደም፤ በመጨረሻ የእኔ እጅ ላይ፣ ብታጠብ ብታጠብ የማይለቅ ደም። «ደሙ ደሞዝ የማይከፈለው ዋና ተዋናይ ነው!» ይላሉ። እኛም አይከፈለንም ነበርና አልገረመንም።

ችግሩ ይህን ዋና ተዋናይ ከየት እናምጣው? በርበሬ በዘይት በጠበጥን። ባሌ ሆኖ የሚሠራው ዳዊት፣ የባጃጅ ሹፌር ነው፣ ረስቶ ዓይኑን ጠረገበትና ጨካኙ ንጉሥ ገዳይ ግማሽ ሰዓት አለቀሰ። የቲማቲም ድልህ ሞከርን፤ ዝንብ ወረረን። ቀይ ሥር ጨመቅን፤ እጄ የከረሜላ ቀለም ሆነ። መምህር ገዛኸኝ ከኋላው ወንበር ላይ ቆመው «ምንድን ነው እሱ? ንጉሡን በጁስ ነው እንዴ የገደላችሁት?» ብለው ጮኹ። «ከዚህ ድረስ መታየት አለበት! ስትታጠቢም መልቀቅ የለበትም! የቴአትሩ ነፍስ እዚያ ላይ ነው!»

ሐሙስ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳስብ አይ ሞሚና ትዝ አሉኝ። ማታውኑ በደስታ ልጮህ ነበር።

አይ ሞሚና የእናቴ የረጅም ጊዜ ወዳጅ ናቸው። «አይ» በአደርኛ፣ በሐረሪዎች ቋንቋ፣ እናት ማለት ነው። ከበሩ ገባ ብሎ፣ በጀጎል ውስጥ ባለ ጠባብ መንገድ ላይ ነው ቤታቸው። ስፌት ይሰፋሉ፤ በሰፈሩ ደግሞ የሙሽራ እጅ ለማቅላት ሂና የሚያስሩት እሳቸው ናቸው። ዓርብ ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ በቀጥታ ሄድኩ። ቴአትር ነው ብል ለእናቴ ይነግሩብኛል ብዬ ስለፈራሁ ነገሩን ድፍን አድርጌ ጠየቅኋቸው። ስህተቴ እሱ ነው።

«አይ ሞሚና፣ ሁለቱንም እጄን እስከ አንጓዬ ድረስ ቀይ ያድርጉልኝ። ከሩቅ የሚታይ፤ ውኃ የማያስለቅቀው።»

የሚሰፉትን አስቀመጡ። «ሁለቱንም? ለመቼ?»

«ለነገ። ከሰዓት ነው።»

«ነገ! ሰው ተጠርቷል?»

«የከተማው አዳራሽ ሙሉ።»

«ማሻአላህ። እና እናትሽ እንዴት ሳትነግረኝ?»

«እናቴ አታውቅም። እባክዎ እንዳይነግሯት፤ ካወቀች ታስቀረኛለች።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከማን ጋር ነው?»

«ከዳዊት ጋር» አልኩ፤ ከማን ጋር ነው የምትጫወቺው ያሉኝ መስሎኝ።

«ዳዊት ባጃጁ?»

«አዎ። ባጃጅ ቢነዳም ነገ ንጉሥ ነው።»

«እሱማ ነገ ንጉሥ ነው» አሉና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ጉንጬን ያዝ አድርገው «አብሽሪ ልጄ። ሁሉም ከአላህ ነው። እናት ትቆጣለች፣ ከዚያ ትታረቃለች» አሉኝ። ስለ ቴአትር እንዲህ የሚያለቅስ ሰው አይቼ ስለማላውቅ ደነቀኝ። ምን ዓይነት ጥበብ አዋቂ ሴት ናቸው ብዬ አሰብኩ!

ሂናውን በሎሚ በጥብጠው እጄን እስከ አንጓዬ ለቀለቁልኝና በፌስታል ጠቅልለው አሰሩት። ከዚያ «ዛሬ ብቻሽን አታድሪም፤ እዚህ ነው የምትተኚው» አሉ። ለእናቴ ደውዬ የሥራ ባልደረባዬ ዘንድ እንደማድር ነገርኳት፤ ስልኩን የያዙልኝ አይ ሞሚና ናቸው። ራቴን በእጃቸው አጎረሱኝ። ነደባ በሚሉት፣ በቀይ አፈር በተቀባው መደብ ላይ ፍራሽ ዘርግተው አስተኙኝ፤ በተኛሁበት አጠገቤ ቁጭ ብለው በአደርኛ ቀስ ብለው ሲያንጎራጉሩ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ጠዋት ፌስታሉ ሲፈታ እጄ የእኔ እጅ አይመስልም ነበር። ጥቁር ሊሆን ምንም ያልቀረው፣ የረጋ ቀይ። እየበረርኩ አዳራሽ ሄድኩና መምህር ገዛኸኝ ፊት ሁለት እጄን ዘረጋሁ።

«ይህ ነው! ይህ ነው ደም ማለት!» ብለው ዘለሉ፤ በሰባ ዓመታቸው። ከዚያ ድንገት ቆሙ። «አሁን አስለቅቂውና በአራተኛው ክፍል ትቀቢያለሽ።»

«አይለቅም።»

«አይለቅም ማለት?»

«ሦስት ሳምንት።»

ተቀመጡ። «አንቺ ልጅ» አሉ በደከመ ድምፅ፣ «ገና ሳትገድይ እጅሽ ደም ሆነ እኮ።» ዳዊት እየሳቀ መሬት ላይ ወደቀ። እሳቸው ግን ጭንቅላታቸውን ይዘው ሲያስቡ ቆዩና ፊታቸው እንደ ልጅ በራ። «እንዲያውም! ከመግደሏ በፊትም ደሙ እጇ ላይ ነበር! በነጠላ ትሸፍኚዋለሽ። ሰዉ ምን እንደደበቅሽ አያውቅም። በመጨረሻ ብቻ ትገልጪዋለሽ።» እንዲህ ነው ሰውዬው፤ ጉድጓድ ውስጥ ቢወድቅ ውኃ አገኘሁ ይላል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጋረጃው ተከፈተ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እጄን በነጠላ ጠቅልዬ ባሌን ገፋፋሁት፤ እንግዳውን ገደለ፤ ነገሥን። የረሳሁት ቃል አልነበረም። ልቤ ግን ያንን የጓሮ በር ያውቀዋል፤ በቀኜ፣ አሥር እርምጃ ላይ ነው።

ከመጨረሻው ክፍል በፊት ከመጋረጃ ኋላ ቆሜ የፊተኛውን ረድፍ አየሁ። አይ ሞሚና ተቀምጠዋል። ከጎናቸው አራት የሰፈር ሴቶች፣ የበዓል ልብሳቸውን ለብሰው፣ አንዷ ከበሮ ይዛ። ከአይ ሞሚና በግራ በኩል ደግሞ እናቴ። ፊቷ ለቅሶ ቤት የመጣች ይመስላል።

በኋላ እንደሰማሁት፣ አይ ሞሚና ምስጢሩን እስከ ቅዳሜ እኩለ ቀን ጠበቁት። ልጅ ያለ እናት፣ ያለ እልልታ ስትዳር ማየት ግን አልሆነላቸውም። እናቴ ዘንድ ሄደው «አልማዝ፣ እንዳትቆጪ። ልጅሽ ዛሬ ባጃጅ ነጂውን ዳዊትን ታገባለች። ተነሺ» አሏት። እናቴ የአዳራሹ በር ስትደርስ የሠርግ ወረቀት ሳይሆን የቴአትር ወረቀት ተለጥፎ አየች፤ ግን ወረቀት የሚያነብ ሰው ዓይን አልነበራትም። እነዚያ ሴቶችም መጀመሪያ ሠርጉ ከቴአትሩ በኋላ መስሏቸው በትዕግሥት ተቀምጠው ነበር።

መምህር ገዛኸኝ ከኋላዬ ገፋ አደረጉኝ። ወጣሁ።

ሁሉ ጸጥ አለ። ንግሥቲቱ በእንቅልፍ ልቧ እየሄደች ነው። ቀስ ብዬ ወደ ፊት መጣሁ፤ ነጠላውን ለቀቅኩት፤ ሁለት ቀይ እጆቼን ወደ ሰዉ አነሳሁ።

«እልልልልልልል!»

አይ ሞሚና ናቸው። አራቱ ሴቶች ተቀበሉ፤ ከበሮው ተመታ። ከኋላ ያሉት ሴቶች ምንም ሳያውቁ እልልታውን አነሱት፤ እልልታ ሲሰሙ ዝም ማለት የሚችል የሐረር ሴት የለም። እናቴ «ልጄን!» ብላ አለቀሰች። ያ የሞት ጸጥታ የሰፈነበት አዳራሽ በአንድ አፍታ ሠርግ ቤት ሆነ።

ቃሌ ጠፋ። እንደ ያኔው፣ ልክ እንደ ያኔው። በሩን አየሁት፤ አሥር እርምጃ ነው። እግሬ ተንቀሳቀሰ፤ አዎ፣ ሁለት እርምጃ ሄጃለሁ፤ አልዋሽም። ከዚያ እጄን አየሁት። ይህን እጅ ይዤ የት ነው የምሮጠው? ከተማውን ሙሉ እየሮጥኩ ብሄድ እጄ ይከተለኛል። ለካ ንግሥቲቱም የሆነችው እንዲህ ነው! ገድላ ስታበቃ እልል የሚሉላት ሰዎች ናቸው ያሳበዷት! ዞርኩ።

«ሴቶች!» አልኩ። ይህ ጽሑፉ ውስጥ የለም። «ለማን ነው እልል የምትሉት? እኔ ሙሽራ አይደለሁም። እዩት! ይህ የሰው ደም ነው!»

ከበሮው ቆመ። አይ ሞሚና ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «የማን ደም ነው ልጄ?» አሉ፤ ከልባቸው ደንግጠው።

«ቤቴ ያደረ የእንግዳዬ!»

«አስተግፊሩላህ! እንግዳ? ታጠቢው እንጂ!»

«ታጠብኩት፤ አይለቅም!»

«እሱማ አይለቅም!» አሉ ድንገት ትዝ ብሏቸው። «እኔ አይደለሁ እንዴ ያሰርኩት! ሦስት ሳምንት ነው!»

አዳራሹ ፈነዳ። ሰው ወንበር እየመታ ሳቀ። ከመጋረጃ ኋላ ሞቶ የተኛው ንጉሥ ሲስቅ ይሰማል። ጥርሴን ነከስኩ፤ አልቻልኩም፤ እኔም ሳቄ አመለጠኝ። እጄን እያየሁ ሳቅኩ፣ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ፣ እንባዬ እየወረደ ሳቅኩ። ቀስ በቀስ የሰዉ ሳቅ እየቀነሰ መጣ። የፊተኛው ረድፍ አቆመ፤ የመካከሉ አቆመ። እኔ ግን ማቆም አልቻልኩም። ብቻዬን ስስቅ የራሴ ድምፅ ጆሮዬ ገባ፤ ያበደች ሴት ሳቅ ነበር። ያን ጊዜ ሳቁ ወደ ልቅሶ ተለወጠ፤ የጠፋኝ ቃል ሁሉ መጣልኝ፤ እስከ መጨረሻው ተናግሬ፣ ቀስ ብዬ፣ በእግሬ እየተራመድኩ ወጣሁ። ሳልሮጥ!

ሲያልቅ ጭብጨባው አላባራ አለ። መምህር ገዛኸኝ አቅፈውኝ «ሴትዮዋን ከየት አመጣሻት? ለሚቀጥለው ትርኢት ትያዝልኝ!» ይላሉ። ሳልመልስላቸው እናቴ መጣች። ሰውን በክርኗ እየገፋች።

«ምሥራቅ! እውነቱን ተናገሪ። አግብተሻል ወይስ አላገባሽም?»

«አላገባሁም እማዬ።»

«ይህስ?» ወደ ዳዊት ጠቆመች። የካርቶን ዘውዱን ገና አላወለቀም።

«በቴአትሩ ብቻ ነው እትዬ» አለ ወደ ኋላ እያፈገፈገ፤ «እዚያም ሞቻለሁ።»

«ተመስገን!» አለች እናቴ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። «ተመስገን! ሰው ከመግደል ሌላ ያደረግሽው ነገር የለም?»

«የለም።»

«እሱ ግድ የለም» አለችና ሳመችኝ። ስለ መሐላው ሳታነሳ ቀረች፤ ከዚያም ወዲህ አንስታ አታውቅም። ለካ ቴአትር መሥራትን ለማስፈቀድ መጀመሪያ ከዚያ በባሰ ነገር ማስፈራራት ያስፈልጋል።

አይ ሞሚና ግን ቀላል አልሆኑም። «እልል የተባለላት ልጅ ሳትበላ አታድርም፤ ምግቡ ተሠርቷል» ብለው እኔን፣ እናቴንና ሴቶቹን እየነዱ ይዘውን ሄዱ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ነደባው ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ሐልዋ ቀረበ፤ የሥጋ ሳምቡሳ በአንድ ሰሐን፣ ለእኔና ለእናቴ ደግሞ የምስር ሳምቡሳ በሌላ ሰሐን። ለሠርጌ አስበው ነው ለይተው የሠሩልን።

እጄን ከሰሐኑ መለስኩ። «አይ ሞሚና፣ አሳሳትኩዎት። ይቅር ይበሉኝ። ሂናውን የፈለግኩት ለደም ነው። ደም የሚመስል ነገር ፈልጌ ነው።»

«ደም?» አሉ። «ወላሂ ሞኝ ነሽ። ደም ፈልገሽ መጥተሽ ሂና ታሠሪያለሽ? ትናንት የተኛሽበት ምን መሰለሽ?»

መዳፋቸውን በቀዩ መደብ ላይ አሳረፉ።

«ይሄ ቀይ ለጌጥ አይደለም። ድሮ ጦር መጥቶ ሰዎቻችን አለቁ። ደማቸው እንዳይረሳ ነው ቤታችንን በቀይ የምንቀባው፤ አያቶቻችን እንዲህ ነው የነገሩን። እላዩ ላይ እንቀመጣለን፤ እንበላለን፤ እንተኛለን። ሲደበዝዝ፣ በዓል ሲመጣ፣ ደግመን እንቀባዋለን።»

«የማን ጦር?» አልኩ። አውቄዋለሁ፤ ግን ከአፌ ወጣ።

አይ ሞሚና እናቴን አዩ፤ እኔን አዩ። «የናንተው ነዋ» አሉ፤ ቁጣ የሌለው፣ የሰፈር አድራሻ እንደሚናገር ሰው ድምፅ። «ብዪ፤ ይቀዘቅዛል።»

ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ያለው ጎራዴ ዓይኔ ላይ ድቅን አለ። እናቴ ሳምቡሳዋን አስቀመጠች። «ይህን ሁሉ ዓመት እዚህ ስቀመጥ...» አለች።

«ብታውቂ ኖሮ ቆመሽ ልትበዪ ነበር?» አሉ አይ ሞሚና። መጀመሪያ የሳቀችው እናቴ ናት። ከዚያ ሁላችንም።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን በኋላ ምን ተለወጠ ብትሉኝ፣ አንደኛ ሯጭነቴ ቀረ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በሄድኩበት ሁሉ ሰው እጄን ያያል፤ «እንኳን ደስ ያለሽ» ይለኛል፤ ሕፃናቶቼ «ቲቸር፣ እጅሽን ማን ቀለም ቀባሽ?» ብለው በተራ ይነካኩታል። ሦስት ሳምንት የታየ ሰው መታየትን አይፈራም። ዛሬ መድረክ ላይ ስወጣ የጓሮ በሩ የት እንዳለ እንኳን አልጠይቅም።

ሌላው ግን ይበልጥብኛል። በቴአትራችን ውስጥ እንግዳው በተኛበት ይታረዳል። እኔ ደግሞ በዚያ ቀይ መደብ ላይ፣ የእነዚያ ያለቁት ሰዎች ልጅ ቤት፣ እጄን በፌስታል ታስሬ ተኛሁ። ማለዳ ስነቃ ብርድ ልብሱ እስከ አንገቴ ድረስ ተስቦልኝ ነበር። ያኔ ነገሬም አላልኩት። አሁን ግን ብርድ ልብስ በሳብኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

በዓላቸው ሲቃረብ አይ ሞሚና ቀዩን አፈር በጠበጡ። እኔ ሄድኩ፤ ቁጭ ብዬ በእጄ ለቀለቅኩ። ጥቂት ቆይቶ በሩ ተንኳኳ። እናቴ ናት፤ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባለች።

«እማዬ፣ እጅሽ ቀይ ይሆናል» አልኳት።

«ይሁን» አለችና አጠገቤ ተንበረከከች።